ስኬትቦርድ ሳይሞክሩ ማዘዝ፦ ከአራት ኪሎ የተነሣ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

ጥያቄውን በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ያነሣው አራት ኪሎ አካባቢ የሚሠራ ወጣት ነው። የአክስቱ ልጅ በክረምቱ ከዋሽንግተን ለእረፍት ስለሚመጣ በሻንጣው አንድ ስኬትቦርድ፣ ማለትም ቆመው የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ጣውላ፣ ሊያመጣለት ቃል ገብቶለታል፤ ስፋቱ ስንት ይሁን፣ ጎማውስ ምን ዓይነት ይሁን ብሎ ሲጠይቀው ግን ወጣቱ የሚመልሰው አጣ። እስካሁን የወጣው በአንድ ጓደኛው ቦርድ ላይ ብቻ ነው፤ ጓደኛውም ቢሆን ያገኘውን ተቀበለ እንጂ መርጦ አልገዛም። ስለዚህ ወጣቱ ሁለት ነገር ጠየቀ። ከማዘዙ በፊት የተለያዩ ቦርዶችን መሞከር በእርግጥ ያስፈልጋል ወይስ 8 ኢንች ስፋት ያለው ማንኛውም ደህና ቦርድ ይበቃል? መሞከር የሚያስፈልግ ከሆነስ፣ እንደ ልብ ገብቶ ቦርድ የሚያማርጡበት ሱቅ በማይገኝበት ከተማ የት ሄዶ ይሞከራል?

ጉዳዩ ለእኔም የቆየ የልብ ጉዳይ ስለሆነ መልሶቹን አንድ በአንድ ተከታትያለሁ። ከምንም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው፦ እዚህ ቦርድ በአብዛኛው የሚመጣው በሰው ሻንጣ ነው፤ በሻንጣ የመጣ ዕቃ ደግሞ ጠበበኝ ወይም ከበደኝ ተብሎ አይመለስም። ሱቅ በደጁ ያለ ሰው ገዝቶ ካልተስማማው ይቀይራል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ሙከራውን በሙሉ ከማዘዙ በፊት መጨረስ አለበት፤ የመሞከሪያው ዕድል በጠበበበት ከተማ ነው ሙከራው ይበልጥ የሚያስፈልገው።

1ኛው መልስ እጅግ ትሑት ነበር። ጸሐፊው ጠያቂውን እርስዎ እያለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ አዋቂ 8 ኢንች፣ ማለትም 20.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት መካከለኛ ምርጫ እንደሆነ፣ እግሩ ትልቅ ለሆነ ግን 8.25 ወይም 8.5 እንደሚሻል ገለጸ። 2ኛው በዚህ ተስማምቶ የጠያቂውን የጫማ ቁጥር ጠየቀ፤ 44 የሚጫማ ሰው በ7.75 ኢንች ላይ ሲቆም ጣቱና ተረከዙ ከጣውላው ጎልተው ስለሚወጡ፣ ቦርዱን በጎኑ ለመጫን ሲሞክር ሚዛኑን ለመጠበቅ እንደሚቸገር አስረዳ።

ውይይቱን መስመር ያስያዘው 3ኛው መልስ ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው ሁለቱን ቀዳሚዎች በአክብሮት አርሞ፣ ጀማሪ የስፋትን ልዩነት የሚለየው ከቆየ በኋላ እንደሆነ፣ የጎማን ልዩነት ግን እግሩን ባሳረፈባት ደቂቃ እንደሚያውቀው ጻፈ። የጎማ ጥንካሬ በቁጥርና በኤ ፊደል ይገለጻል፤ 99ኤ እና 101ኤ ጠንካሮቹ ሲሆኑ ለስኬትፓርክ፣ ማለትም ለስኬትቦርድ መንጃ ተብሎ ለሚሠራ ሜዳ፣ ልሙጥና የተወለወለ ሲሚንቶ የተሠሩ ናቸው፤ 78ኤ ገደማ ያለው ለስላሳ ጎማ ደግሞ የአስፋልቱን ጠጠር ውጦ ያልፋል። ጸሐፊው በዚህ አላበቃም፤ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ያለውን መንገድ እየቆራረሰ አሳየ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የተነጠፈው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ከሩቅ ለጥ ያለ ቢመስልም፣ በንጣፎቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ለትንሽ ጠንካራ ጎማ ተከታታይ ምት ነው፤ ለዓይነ ስውራን መሪ እንዲሆን የተሠራው ጉብጉብ መስመር ደግሞ ዲያሜትሩ 52 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ያለውን ቦርድ ድንገት ይዞ ሊያቆመው ይችላል። (ያ መስመር ለማን እንደተሠራ ማሰብ ይገባል፤ በሙከራም ጊዜ ቢሆን ከእሱ መራቅ ግዴታችን ነው።)

4ኛው መልስ የደረሰበትን አካፈለ። የሚኖረው ኮብልስቶን በተነጠፈ ሰፈር ሲሆን፣ አጎቱ ያመጡለት ቦርድ ጎማ 101ኤ ነበር። ከደጃፉ እስከ አስፋልቱ ድረስ ቦርዱን በብብቱ ይዞ እንደሚሄድ፣ አስፋልቱ ላይ ሲደርስም ንዝረቱ ከቁርጭምጭሚቱ ተነሥቶ ጥርሱ ድረስ እንደሚሰማው ጻፈ። ለስላሳ ጎማ ያለውን የሌላ ሰው ቦርድ ተውሶ የሞከረ ቀን ያው መንገድ ሌላ መንገድ እንደሆነበትና ያን ከማዘዙ በፊት ባለመሞከሩ እንደሚቆጭ ተናገረ።

5ኛው ግን በዚህ አልተስማማም። ለስላሳ ጎማ ሲሚንቶ ላይ ከመንሸራተት ይልቅ ይጣበቃል፤ ዘወር ብሎ በጎን ለመንሸራተት ወይም የጠርዝ ብረት ላይ ለመውጣት የሚፈልግ ሰው በእሱ አይሳካለትም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ስኬትፓርክ ጠቅሶ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ለመሄድ የሚያስብ ሰው በጠንካራ ጎማ ቢጀምር እንደሚሻለው ተከራከረ። 6ኛው ቆጣ ብሎ፣ ጠያቂው የሚውልበትን መንገድ ተናግሮ ሳለ በሳምንት አንድ ቀን ለሚኬድበት ቦታ ብሎ የዕለቱን መንገድ መርሳት ምክር እንዳልሆነ መለሰለት። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ፤ እኔ የምጨምረው አራት ተጨማሪ ጎማ በሻንጣ ውስጥ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ስለሆነ፣ አንዱ ዓይነት ተገጥሞ ሌላውን በትርፍ ማስመጣት ክርክሩን ያቀለዋል የሚለውን ብቻ ነው።

7ኛውን መልስ የጻፈው ኮሎራዶ የሚኖር የቀድሞ የካዛንቺስ ልጅ ነው። እሱ የሚነዳው ስኖውቦርድ፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጎማ የሌለው ቦርድ ሲሆን፣ እዚያ በበረዶ ተራሮች ሥር ያሉ ብዙ ሱቆች በአንድ ቀን ኪራይ የተለያዩ ቦርዶችን እያቀያየሩ እንደሚያስሞክሩ፣ በኋላ የገዛ ሰውም የከፈለው ኪራይ ከዋጋው የሚቀነስለት ጊዜ እንዳለ ተረከ። የስኖውቦርድ ርዝመት የሚመረጠው በዋናነት በነጂው ክብደት ነው፤ ወገቡ ላይ ያለው ስፋት ደግሞ ከጫማው ጋር መመጣጠን አለበት፤ አለዚያ በጎን ሲያዘነብሉ የጫማው ጫፍ በረዶውን ይነካና ይጥላል። ከዚህ ሁሉ ለጠያቂው የሚጠቅመው አንድ ልማድ አለ። ቦርድ የሚያወዳድሩ ሰዎች በዚያው ጫማ፣ በዚያው ቁልቁለት፣ በተቻለ መጠን በዚያው ሰዓት ይሞክራሉ፤ በረዶው ከጠዋት እስከ ከሰዓት ስለሚለወጥ የጠዋቱን ቦርድ ከከሰዓቱ ጋር ማነጻጸር ያሳስታል።

8ኛውና 9ኛው መልሶች ከዚህ ተነሥተው ከጉዳዩ ወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር በተካሄዱት የክረምት ኦሊምፒኮች በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ስለወከለው ሮቤል ተክለማርያም ተጨዋወቱ። ማስታወሳቸው ደስ ያሰኛል፤ ጠያቂውን ግን ወደ ምርጫው አላቀረበውም።

10ኛውን መልስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው ሞከርኩ የሚለው በሰው ቦርድ ላይ ወጥቶ ጥቂት ሜትር መሄድን ነው፤ እንዲህ ያለው ሙከራ የሚያሳየው ግን ባለቤቱ ቦርዱን እንዴት እንዳሰረው ነው። ጎማውን ከጣውላው ጋር የሚያያይዘውና ትራክ የምንለው ብረት መሃሉ ላይ ሁለት ጎሚኒና አንድ ትልቅ ቡሎን አለው። ዳዶው ሲጠብቅ ቦርዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ አልታጠፍም ይላል፤ ሲላላ ደግሞ ጥቂት ዘንበል ስንል ይታዘዘናል፣ ፍጥነት ሲጨምር ግን ይወዛወዛል። ስለዚህ ጥብቅ የሆነ 8 እና ልል የሆነ 8.25 ሞክሮ ሁለተኛው ይሻለኛል ያለ ሰው የፈረደው በዳዶው ላይ እንጂ በስፋቱ ላይ አይደለም። ጎሚኒውም ይዋሻል፦ የተለበሰ ጫማ የባለቤቱን አረማመድ እንደሚይዝ ሁሉ፣ የቆየ ጎሚኒ ባለቤቱ ሁልጊዜ በሚደገፍበት በኩል ተጨፍልቆ ስለሚቀር ቦርዱ ሳይነኩት ወደዚያ ጎን ይጎትታል።

ስለዚህ በዚያው ስስና ለጥ ያለ ሶል ባለው ጫማ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው አጭር መስመር ላይ መሞከርንና ከአንዱ ቦርድ ወደ ሌላው ሲሻገሩ አንድ ነገር ብቻ እንዲለያይ መጣርን መከርኩ። ባለቤቱን አስፈቅዶ ዳዶውን ማስተካከልም ከዚህ ይካተታል። አስቀድሞ ግን ግራ እግር ነው ወይስ ቀኝ እግር ወደ ፊት የሚቀድመው የሚለውን መለየት ይገባል፤ ይህ ካልታወቀ ማንኛውም ቦርድ ባዕድ ይሆናል። ከዚያ ሳይነቃነቁ መቆም፣ የጣውላው መሃል ምን ያህል እንደጎደጎደ በእግር ሥር ማዳመጥ፣ መግፋት፣ በሁለቱም ጎን መታጠፍ፣ በመጨረሻም የኋላውን ጫፍ ተጭኖ የፊቱን ማንሣት ይቻላል። ዓይንም ሥራ አለው። በጣውላው ላይ በተለጠፈው ሸካራ ጥቁር ወረቀት የባለቤቱ እግር የሚያርፍባቸው ሁለት ቦታዎች ለስልሰውና ነጣ ብለው ይታያሉ፤ እዚያ ላይ እግር ቢያንሸራትት ጥፋቱ የቦርዱ ዓይነት አይደለም። የኋላው ጫፍ በአስፋልት ተፍቆ ከሳሳም፣ ሲጫኑት መሬት እስኪነካ የሚሄደው ርቀት ስለሚጨምር የሚመልሰው ግፊት ይደክማል፤ አዲሱ ቦርድ እንዲህ አይሆንም።

11ኛው መልስ ነገሩን ከዕቃው ወደ ሰው ወሰደው፤ ድምፁም ከዚህ ጀምሮ ተለወጠ። ጸሐፊው የእኔን መልስ ጠቅሶ፣ ይህ ሁሉ ሙከራ በማን ቦርድ ላይ ሊደረግ እንደታሰበ ጠየቀ። እሱ ቦርዱን ለመሞከር ላለ ሰው ሰጥቶ ከመሃሉ ተሰብሮ ተመልሶለታል። ሰባት ስስ የሜፕል እንጨት ተነባብሮ የሚሠራ ጣውላ ዘሎ የወረደ ሰው እግሮቹን በቡሎኖቹ አቅጣጫ ካሳረፈ ብዙ ይችላል፤ ሁለቱንም መሃል ላይ ካሳረፈ ግን ሊሰበር ይችላል፤ ጀማሪም የሚያርፈው እዚያው ነው። ሰባሪው ይቅርታ ብሎ ሄደ፤ ባለቤቱም ከውጭ ሰው እስኪመጣ ድረስ ያለ ቦርድ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ለማንም እንደማያውስ አስታወቀ።

12ኛው በዚህ ተቆጥቶ ንፉግ አለው፤ እሱም በጀመረበት ጊዜ የሌላ ሰው ቦርድ ላይ ወጥቶ እንደነበር አስታወሰው፤ እርስዎ ሲባባል የቆየው መድረክም በዚህ መልስ አንተ ወደ መባባል ወረደ። 13ኛው ለ11ኛው ወግኖ፣ በሰው ንብረት ቸር መሆን ቀላል እንደሆነ መለሰ። እኔ 11ኛው በቅሬታው እውነት እንዳለው አምናለሁ፤ ነገር ግን ማዋስ ከቀረ በዚህ ከተማ ሌላ የመሞከሪያ መንገድ የለም ለማለት ይቻላል፤ ቦርድ ያለው ሰው በሩን ሲዘጋ ቀጣዩ ጀማሪ በጭፍን ያዝዛል።

መውጫውን ያሳየችው 14ኛዋ መላሽ ናት። ከሴት ስኬተሮች ጋር ስትለማመድ ጥቂት ቦርዶችን ለብዙዎች ማካፈል የተለመደ እንደነበር፣ ስለዚህ የራሷን ከማስመጣቷ በፊት ጠባቡንም ሰፊውንም፣ ጥብቁንም ልሉንም እንደምታውቅ ጻፈች። ከዚያም የአዋዋሱን ደንብ በግልጽ አስቀመጠች፦ የሚሞክር ሰው ቆሞ ይመዝናል፣ ይገፋል፣ ይታጠፋል እንጂ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይዘልም፤ ባለቤቱ ከአጠገቡ አይርቅም፤ ጣውላው በሞካሪው እግር ሥር ከተሰበረ ሞካሪው ጣውላውን ይተካል፤ ይህም ቦርዱ ከእጅ ወደ እጅ ከመሻገሩ በፊት በቃል ይነገራል። አፍሮ ሳይናገሩ ሰጥቶ በኋላ ከመቀያየም አስቀድሞ መነጋገር እንደሚሻል የተናገረችው ቃል በመድረኩ ላይ ከተጻፈው ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። 11ኛው መላሽም በዚህ ደንብ ከሆነ ለማሰብ ፈቃደኛ እንደሆነ በአጭሩ ገለጸ።

15ኛው መልስ ደግሞ ውይይቱን አናወጠው። ጸሐፊው የቦርድ እውነተኛ ጠባይ የሚታየው በፍጥነት ስለሆነ፣ እሑድ ማለዳ ከማዘጋጃ ቤት ጀምሮ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል መውረድን ለሙከራ አቀረበ። 16ኛው ያለ ርኅራኄ መለሰለት፤ መኪና በሚያልፍበት ቁልቁለት ላይ፣ ዳዶው እንዴት እንደተጠበቀ በማይታወቅ የሰው ቦርድ፣ እግሩን አስፋልት ላይ ጎትቶ ማቆም ያልተማረን ጀማሪ መልቀቅ ሰውን ለአደጋ መዳረግ ነው አለ። 17ኛው በቃሉ ለዘብ ቢልም በፍሬ ነገሩ አንድ ነበር። ፍጥነትን ለመሞከር የሚፈልግ ሰው ራሱ ሮጦ ሊወርደው በሚችለው አጭርና ቀላል ዳገት፣ ከታች ረጅም ለጥ ያለ ማብቂያ ባለበት ቦታ፣ የራስ ቁር አድርጎ እንዲጀምር መከረ፤ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን መንገድ ለሰው የተሰኘውን ከመኪና ነጻ የእሑድ ፕሮግራም ጠቅሶም፣ ዋና መንገድ ለእግረኛ ሲለቀቅ ያገኘ ሰው ጎማን ከጎማ ለማነጻጸር ከዚያ የተሻለ አስፋልት እንደማያገኝ ጻፈ። የ15ኛው ጸሐፊ ለማንም መልስ አልሰጠም።

18ኛው መልስ የመጣው በዕድሜ ጠና ካሉ አባት ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ፒያሳ ዙሪያ በጣውላና ከመኪና በወጣ ኩሽኔታ በሚሠራ መንሸራተቻ ላይ ተቀምጠው ቁልቁለት ይወርዱ እንደነበር፣ ብረቱ አስፋልቱን ሲፍቅ ጩኸቱ ሰፈሩን ይቀሰቅስ እንደነበር አወሱ። 19ኛው ትዝታቸውን አክብሮ ከጉዳዩ ጋር አያያዘው፤ የመጀመሪያዎቹ ስኬትቦርዶችም ብረትና ሸክላ ጎማ ነበራቸው፤ ነገሩን የለወጠው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእኛ ሳይሆን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፍራንክ ናስዎርዚ የተባለ አሜሪካዊ ለገበያ ያቀረበው የዩሬቴን ጎማ ነው። በመጫወቻ መደብር ከሚሸጡት ርካሽ ቦርዶች ብዙዎቹ ጎማቸው ደረቅ ፕላስቲክ፣ አንዳንዶቹም ትራካቸው ጭምር ፕላስቲክ እንደሆነ አስጠንቅቆ፣ በእነሱ ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ እውነተኛ ቦርድ ምንም እንደማያስተምር አሳሰበ።

በ20ኛው መልስ ጠያቂው ራሱ ተመለሰ። ባገኛቸው ቦርዶች ላይ ወጥቶ፣ 43 ቁጥር ጫማ የሚያደርግ በመሆኑ 8.25 እንደተመቸው፣ ጎማውንም 60 ሚሊ ሜትርና 78ኤ አድርጎ ለአክስቱ ልጅ እንደጻፈለት አሳወቀ። 21ኛው ፈጥኖ አስቆመው። 60 ሚሊ ሜትር ጎማ ዝቅ ባለ ትራክ ላይ ሲገጠም፣ በመታጠፍ ጊዜ ጣውላውን ሊነካና ድንገት ቀጥ ሊል ይችላል፤ ነጂው ግን ወደ ፊት ይወረወራል። ስለዚህ ወይ ጎማውን ወደ 54 እንዲያወርድ፣ ወይ በጣውላውና በትራኩ መካከል የሚገባ ከፍ የሚያደርግ ላስቲክና ረዘም ያለ ቡሎን አብሮ እንዲያዝዝ ነገረው። ጠያቂው ሁለተኛውን መረጠ። እኔም ትራኩ ከጣውላው ስፋት ጋር እንዲመጣጠን ቁጥሩን እንዲያረጋግጥ 22ኛውን መልስ ጨመርኩ።

ዕቃው የሚደርሰው በክረምት ስለሆነ 23ኛው በጎማው ውስጥ ስለሚገባው ኩሽኔታ ጠየቀ፤ ትልቅ የኤቢኢሲ ቁጥር የተጻፈበት ይሻላል ወይ የሚል ነበር። 24ኛው እንደመለሰው፣ ያ ቁጥር የሚናገረው ኩሽኔታው ምን ያህል በልክ እንደተሠራ ብቻ ነው፤ ከዝላይ የሚመጣን ምት ስለመቻሉ ምንም አይናገርም። ለአንድ ቦርድ ስምንት ኩሽኔታ ያስፈልጋል፤ ልኩም 608 የሚባለው፣ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር የሆነው ነው። በሌሎች ማሽኖችም ስለሚገባ ኩሽኔታ ሻጮች ዘንድ ቁጥሩን ተናግሮ መጠየቅ ይቻላል። ዝናብ የነካው እንደሆነ ግን በዚያው ቀን በ13 ቁልፍ ጎማውን ፈትቶ፣ ኩሽኔታውን በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ አንድ ሁለት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማድረግ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ሆኖ ያደረ ኩሽኔታ ይዝጋል፣ ከዚያም በሚቀጥለው ቀን ጎማው በእጅ ሲሽከረከር መንቀርቀር ይጀምራል።